ከሜክሲኮ እስከ ኢትዮጵያ በሦስተኛው መስመር

«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» የሚለው የታክሲ ረዳት ድምፅ አብሮኝ አድጓል። አዲስ አበባ ላደገ ልጅ ሜክሲኮ መጀመሪያ አደባባይ ነው፤ ሀገር መሆኑን የሚሰማው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ለእኔ ክረምት ላይ ጃንጥላ ከጃንጥላ እየተጋጨ ሰልፍ የሚያዝበት፣ ከሰል ላይ በቆሎ የሚጠበስበት ቦታ ነበር። በቆሎው ራሱ ከዚያች ሀገር ተነስቶ እኛ ዘንድ መድረሱን ያወቅሁት በስንት ጊዜዬ።

ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ በተራዋ እኔን ጠበቀችኝ። በመጋቢት ወር አንድ ረቡዕ ምሽት በምድር ውስጥ ባቡር ስጓዝ፣ በሦስተኛው መስመር ላይ፣ በሩ ሲከፈት ግድግዳው ላይ «ኤቲዮፒያ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ከጽሑፉ በላይ በወይራ አረንጓዴ መደብ ላይ የአንበሳ ራስ ተስሏል። በዚህ ከተማ እያንዳንዱ የሜትሮ ጣቢያ የራሱ ሥዕል አለው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም መድፉ ጋ ልቀይር፣ ባርኔጣው ጋ ልውረድ እያለ መንገዱን ያገኛል። የእኛ ምልክት አንበሳው ነው። ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩና ባቡሩ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ቆሜ አየሁት።

ታሪኩን በመጠኑ አውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ግዛቴ አድርጌያታለሁ ስትል፣ ብዙ መንግሥታት በየተራ ሲቀበሉ ሜክሲኮ አሻፈረኝ አለች። በፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ ዘመን ጄኔቭ የነበሩት መልእክተኞቿ ናርሲሶ ባሶልስና ኢሲድሮ ፋቤላ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ እኛ ተከራከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ሜክሲኮን ጎበኙ። እኛ አደባባይ ሰየምንላቸው፤ እነሱም ሰየሙልን። ጣቢያው በ1980 ሲከፈት ስሙን ከዚያ አደባባይ ወረሰ። ሰው ሲቸገር ያልካደ ወዳጅ ስም በታክሲ ረዳት አፍና በባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ በየቀኑ መነሳቱ ደስ ይላል።

ያረፍኩበት ቤት ከጣቢያው በእግር የሚደረስ ነው፤ ናርቫርቴ የሚባል ሰፈር። መንገዱ ዳር ጃካራንዳው አብቦ፣ የረገፈው ሐምራዊ አበባ የቆሙትን መኪናዎች ጣሪያ ሸፍኖታል። የቤቱ ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ሁሉም ዶኛ ይሏቸዋል፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። ሐሙስ ጠዋት በምጣድ ሽታ ነቃሁ። ኮማል ይሉታል እንጂ ምጣድ ነው፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ከብዙ ማገልገል የጠቆረ። በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው፣ አሳድረው፣ ፈጭተው፣ ሊጡን በመዳፋቸው ድቡልቡል አድርገው፣ ጠፍጥፈው ያስቀምጡታል። ሲነፋ በጣታቸው ጫፍ ያገላብጡታል። ያ ጣት እሳት አይፈራም፤ የእናቴ ጣትም እንዲሁ ነበር።

ከፍሪጁ ላይ ካለው ማጫወቻ ሙዚቃ ይፈስሳል። ዶኛ ቂጣ እያገላበጡ ተረከዛቸውን መሬት ይመታሉ፤ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት። ቤዙ «አንድ» ሲል ጊታሩ «ሁለት» ይላል፤ በላዩ ደግሞ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ቀጭን፣ የሚያሾፍም የሚያለቅስም የሚመስል የወንድ ድምፅ። የእኔ ትከሻ የለመደው ችክችካ ስድስት ይቆጥራል፤ ይኼ የሚቆጥረው ሁለት ነው። ትከሻዬ ግራ ሲጋባ እግሬ ቀድሞ ገባው። ቡናዬን ሳልጨርስ ከወንበሬ ተነስቼ እንደነበር ያወቅሁት ዶኛ ሲስቁ ነው። ማን ነው ብዬ በምልክት ጠየቅኋቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው የገበያ ዝርዝራቸው ጀርባ ላይ ሁለት ፊደል ጻፉልኝ፤ ስናነበው «ሬ» ነው።

«ሬ» የአልበሙ ስም ነው። ከ«ዶ» ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ ስሙ ይኸው ነው፤ በስፓኒሽ ደግሞ ቃል ፊት ሲገባ «እንደገና» የሚል ትርጉም ያመጣል። ባንዱ ካፌ ታኩባ ይባላል። አልበሙን ያወጡት በ1994 ነው፤ ሃያ ዘፈን አለው። ዘፋኙ ሩቤን አልባራን ነው፤ ከአልበም አልበም ስሙን የሚለዋውጥ ሰው። ኪቦርድ ኤማኑኤል ዴል ሬያል፣ ጊታር ሆሴሎ ራንሄል፣ ቤዝ የሆሴሎ ወንድም ኤንሪኬ። አራት ናቸው። አምስተኛ ብሎ ከበሮ መቺ የለም፤ የነበራቸው ድራም ማሽን ነው።

ይህን ስሰማ ልቤ ሞቀ። የእኛ ሀገር የዘጠናዎቹ ካሴት በምን እንደተሠራ የምናውቅ ሰዎች ነን። አንድ ኪቦርድ፣ ውስጡ ያለ ከበሮ፣ አንድ ዘፋኝ፤ በዚያ ስንት ሠርግ ተደገሰ፣ ስንት ድንኳን ተጨፈረበት! ማሽን ነፍስ የለውም የሚል ሙዚቀኛ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እኔ አልስማማም። ካፌ ታኩባዎች ማሽኑን ሰው ሊያስመስሉት አልደከሙም። እንደ ብረት እያንቃጨለ፣ እንደ መጫወቻ እየፈጠነ እንዲሄድ ትተውታል፤ ነፍሱን የሚያመጡት ከላዩ ያሉት ጊታሮችና ያ ቀጭን ድምፅ ናቸው።

ሐሙስ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ሃያውንም ከዳር እስከ ዳር ሰማሁ። አንዱ የሰሜን ሜክሲኮ ፖልካ ነው፤ የጀርመንና የቼክ ሰፋሪዎች ወደ ድንበሩ አካባቢ አኮርዲዮን ይዘው መጥተው የተዉት ዳንስ። አንዱ ጠርሙስ ፊት ተቀምጦ የሚደመጥ ቦሌሮ ነው። አንዱ ጩኸት የሞላው ሮክ ነው፤ ጎረቤት ግድግዳ የሚያስደበድብ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መገመት አይቻልም። ዘፈን ባለቀ ቁጥር በር ተከፍቶ ሌላ ቤት ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል፤ ከዚህኛው ቤት ሠርግ፣ ከዚያኛው ልቅሶ፣ ማዶ ደግሞ የሕፃን ልደት። ቤቶቹ ግን አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

ቃሉን ሳልሰማ ያን ያህል መደሰቴ ቢገርመኝ አዲስ አበባ ደወልኩ። አጎቴ ጋሼ ስፓኒሽ የሚያውቁት ከኩባ ነው። አባታቸው በሶማሊያ ጦርነት ሲወድቁ፣ በሺህ ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ተልከው እዚያ ተማሩ፤ ብርቱካን ለቀሙ፤ ዳንስም እዚያ ለመዱ። እኔ ጋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እሳቸው ዘንድ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስልኩን ማጫወቻው ላይ ደቀንኩላቸው።

«ቀስ በል፣ ቀስ በል» አሉኝ ጋሼ። «የእነሱ ስፓኒሽ ከእኛው ይለያል።» የእኛው የሚሉት የኩባን ነው።

መጀመሪያ ያሰማኋቸው አንድ ነፋሻማ፣ ናስ የሞላው ዘፈን ነው፤ ርዕሱ «የልጅነት ማብቂያ» እንደማለት። የዘፈኑን ስልት ባንዳ ይሉታል። ቃሉ ለእኛ ጆሮ ክፉ ነው፤ ያው ያ ጣሊያን ያመጣው ዘመን የተወልን ነው። እዚህ ግን ባንዳ ማለት ከሲናሎአ ግዛት የመጣ የናስ ጓድ ነው፤ ቤዙን ቱባ የሚነፋለት፣ የገጠር ሠርግና ንግሥ የሚያሞቅ። የከተማ ልጅ ይህን ሙዚቃ የሠራተኛና የገበሬ ነው ብሎ ይንቀው ነበር። ጋሼ አዳምጠው ዝም አሉ። ከዚያ «ምን የሚል መሰለህ? በአዲሱ ዘመን የምንጨፍረውን ሌላ ሀገር እስኪነግረን ለምን እንጠብቃለን ነው የሚለው» አሉኝ። ይህን ሲሉ እንደ ዘፈኑ ሳይሆን እንደ ራሳቸው ጥያቄ አድርገው ነው።

ዘፈኑን ደጋግሜ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። በእኔ ጆሮ የአልበሙ ደስታ ምንጩ እዚህ ላይ ነው። ሮክ ለመጫወት ብለው ከአያታቸው ቤት አልወጡም። የአያታቸውን አኮርዲዮን፣ የአጎታቸውን ቱባ፣ የእናታቸውን ቦሌሮ ከነአቧራው ተሸክመው ወደ ጊታሩ ገቡ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲጨፍር ከኋላው የሚያፍርበት ሰው የለውም፤ ስለዚህ ሙሉ አካሉን ለቆ ይጨፍራል።

ዓርብ ካፌ ታኩባዎች ያደጉበትን ሰፈር ላይ ሄድኩ። ሲውዳድ ሳቴሊቴ፣ የሳተላይት ከተማ፣ ከዋና ከተማው በስተሰሜን ምዕራብ በሀምሳዎቹ የተቆረቆረ መንደር ነው። መግቢያው ላይ በአውራ ጎዳናው መሐል አምስት ረጃጅም፣ መስኮት የሌላቸው፣ ሰው የማይኖርባቸው ግንቦች ቆመዋል። ሉዊስ ባራጋንና ማቲያስ ጎሪትዝ በ1957 እና 58 ያቆሟቸው ናቸው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። ትልቁ 52 ሜትር ይደርሳል። መኪናው ሲሄድ ግንቦቹ አንዱ ሌላውን እየሸፈነ፣ እየገለጠ ቦታ የሚለዋወጡ ይመስላል። ባንዱ በ1989 የተመሠረተው በዚህ አካባቢ ነው። አዲስ መንደር፣ አዲስ መኪና፣ ያለፈ ነገር የሌለው ቦታ። እዚያ ያደጉ ልጆች ያለፈውን ሁሉ እንዲህ መራባቸው ምንም አያስገርምም። ስማቸውን እንኳን ፍለጋ መሐል ከተማ ድረስ ሄደው በታኩባ ጎዳና ካለው፣ በ1912 ከተከፈተው አሮጌ ምግብ ቤት ነው ያመጡት፤ ክስ እንዳይመጣ ሲጽፉት አንዲት ፊደል ቀየሩ። ምግብ ቤቱን አየሁት፤ ግድግዳው በሸክላ ንጣፍ ያጌጠ፣ ቡናው ጥሩ ነው።

1994 ለሜክሲኮ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ፣ ጋሼ በስልክ እየተረጎሙልኝ፣ የነገሩኝ ዶኛ ናቸው። ጥር 1 ቀን ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር የተፈረመው የንግድ ስምምነት ሥራ ሲጀምር፣ በዚያው ሌሊት በቺያፓስ ግዛት ዛፓቲስታዎች መሣሪያ አንስተው ከተሞች ያዙ። መጋቢት ላይ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሉዊስ ዶናልዶ ኮሎሲዮ በአደባባይ በጥይት ተገደለ። ታኅሣሥ ላይ የፔሶ ዋጋ ወደቀና የስንቱ ቤት በብድር ተበላ። አልበሙ በዚህ መሐል ነው የወጣው። ዶኛ ያን ጊዜ ሁለት ሕፃናት ይዘው ነበር። ካሴቱን ማን ሰጥቷቸው እንደነበር ዛሬም አይዘነጉትም፤ ለእኔ ግን ስሙን አልነገሩኝም፤ ፈገግ አሉና ወደ ምጣዳቸው ዞሩ።

ያ መጀመሪያ የሰማሁት፣ የዶኛን ተረከዝ የሚያስመታው ዘፈን «ላ ኢንግራታ» ይባላል። ጋሼ «ውለታ ቢሷ ማለት ነው፤ ለሴት ሲሆን» አሉኝ። ቀጥለው እየተረጎሙ ሳሉ ድምፃቸው ቀዘቀዘ። ሰውየው ጥላው የሄደችውን ሴት ይረግማል፣ ይለምናል፤ ወደ መጨረሻው ላይ በጥይት እመታሻለሁ፣ ቀብርሽም ላይ እገኛለሁ ይላል። ፖልካው አልዘገየም፤ በዚያው በደስታ ፍጥነት ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ስጨፍርበት ከርሜያለሁ።

ባንዱ ራሱ ይህን አይቶታል። በ2017 ይህን ዘፈን መድረክ ላይ እንደማይዘፍኑት ተናገሩ፤ ሜክሲኮ ውስጥ በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ግድያ በበዛበት ጊዜ ይህን ማስጨፈር አንችልም አሉ። ስንጽፈው ወጣት ነበርን፣ የድሮ ዘፈን አባባል ነበር ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ሕዝቡ አጥብቆ የሚጠይቃቸው ዘፈን ነበርና። እኔ ለዚህ ትልቅ አክብሮት አለኝ። እኛም ግጥሙን ሳናዳምጥ የጨፈርንባቸው ስንት ዘፈኖች አሉን። ቅዳሜ ጠዋት ዘፈኑ ሲመጣ ዶኛን አየኋቸው። ወደዚያች ስንኝ ሲቃረብ ቧንቧውን ከፈቱ። ውሃው በብረት ድስቱ ላይ እየጮኸ ስንኟ አለፈች፤ ከዚያ ቧንቧውን ዘጉና ተረከዛቸው ካቆመበት ቀጠለ።

ቅዳሜ ኤል ቾፖ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። ኤል ቾፖ በ1980 የተጀመረ የሮክ ገበያ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይቆማል። ከአንበሳው ጣቢያ ገብቼ በሦስተኛው መስመር ወደ ሰሜን ሰባት ጣቢያ፣ ከዚያ መስመር ቀይሬ አንድ ጣቢያ። በጆሮዬ የአልበሙን «ሜትሮ» የተባለ ዘፈን ከፈትኩ። ሜትሮ ውስጥ ገብቶ ለወራት መውጣት ያቃተው፣ ከምድር በታች መኖር የጀመረ ሰው ነው የሚዘፍነው። ዜማው ብሩህ፣ የሚንሸራተት ነው። ብርቱካናማዎቹ ባቡሮች የሚሄዱት በጎማ ስለሆነ የብረት ጩኸት የላቸውም፤ እንደ ትልቅ እንስሳ ተንፍሰው ይቆማሉ። አንድ ወጣት ጀርባው ላይ ድምፅ ማጉያ አዝሎ ገባና ከእያንዳንዱ ዘፈን አሥር ሰከንድ እያሰማ ዲስክ ሸጠ። ቀጥሎ ማስቲካ ሻጭ፣ ቀጥሎ ባትሪ ሻጭ። ሰውየው ውስጥ ወራት እንዴት እንደኖረ ገባኝ፤ የሚጎድል ነገር የለም፤ ከሚወዳት ልጅ በስተቀር።

ባልዴራስ ጣቢያ የሮድሪጎ ጎንሳሌስ ሐውልት አለ። ስለዚህ ጣቢያ ዘፍኖ፣ መስከረም 19 ቀን 1985 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የሞተ የጊታር ሰው ነው። መስመር የምቀይርበት ጣቢያ ጌሬሮ ይባላል፤ ሥዕሉ የቪሴንቴ ጌሬሮ ነው፤ የአፍሪካ ደም ያለበትና በ1829 ባርነትን የሻረ ፕሬዚዳንት።

ኤል ቾፖ ድንኳን በድንኳን ነው። ጥቁር ቲሸርት፣ የብረት አምባር፣ ያረጀ ሸክላ፣ ካሴት በሣጥን። በ1971 አቫንዳሮ ላይ በተደረገው ትልቅ ኮንሰርት መንግሥት ደንግጦ ሮክን ከሬዲዮና ከመድረክ ሲያባርረው፣ ሙዚቃው በከተማው ዳርቻ መጋዘኖች ተደብቆ ነው የኖረው። ይህ ገበያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፀጉሩ የሸበተ፣ ጣቶቹ ቀለበት የሞሉ ሻጭ «ሬ»ን አውጥቶ ሰጠኝ። ከመስጠቱ በፊት ዲስኩን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ ጭረት እንደሌለው አሳየኝ፤ ጨርቅ አውጥቶ በክብ ሳይሆን ከመሐል ወደ ዳር ጠረገው። ዋጋ አልተከራከርኩም።

ከሰዓት በኋላ ዶኛ አደራ ብለው ወደነገሩኝ ቦታ ተመለስኩ። ባልዴራስ አጠገብ ሲውዳዴላ የሚባል መናፈሻ አለ፤ ቅዳሜ ሽማግሌዎች ዳንሶን ይጨፍሩበታል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ስልኩ ውስጥ ብድግ ያሉ መስለው ነበር። «ዳንሶን እኮ የእኛ ነው! ከኩባ በቬራክሩዝ ወደብ ነው የገባላቸው። ስማኝ ልጄ፣ መግቢያው ዜማ ተመልሶ ሲመጣ እንዳትጨፍር። ቁም። ሴቲቱን ይዘህ ወደ ሙዚቀኞቹ ዙር። የቆመ ሰው ነው ዳንሶን የሚያውቅ።»

ወንዶቹ ላባ የሰካ ባርኔጣና ሰፊ ሱሪ፣ ሴቶቹ ማራገቢያ ይዘዋል። አልበሙ ላይ «ዳንሱና አዳራሹ» የሚል ረጅም የፍቅር ዘፈን አለ፤ እነዚህን ሰዎች አይቼ ነው በደንብ የሰማሁት። ዳር ቆሜ ሳይ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው እናት እጃቸውን ዘረጉልኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው። እርምጃው ትንሽ ነው፤ አንዲት የወለል ንጣፍ ላይ ያልቃል። በጆሮዬ ቁጥሩን በስፓኒሽ ይነግሩኛል። ከየት ነህ አሉኝ።

«ከኤቲዮፒያ» አልኳቸው።

«ቅርብ ነህማ» አሉ። «አራት ጣቢያ ነው።»

የአንበሳው ሀገር፣ አልኩ በተሰባበረ ቃል፤ ራሱ ሀገሩ፣ ባሕር ማዶ። ቀና ብለው አዩኝ፤ መዳፌን ጠበቅ አደረጉት። በዚያ ቅጽበት የመግቢያው ዜማ ተመልሶ መጣ። እሳቸው ሊያቆሙኝ ሲሉ እኔ ቀድሜ ቆሜ ነበር። ወደ ሙዚቀኞቹ ዞርን። ማራገቢያቸውን ከፈቱ፤ ነፋሱ ለእኔም ደረሰኝ።